የጀማል ጠባሳ

የዛሬ ሁለት ወር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አንድ ሰውዬ ሱቃችን ገባ... ቀና ብዬ ሳየው የያዝኩት መቀስ አመለጠኝ። ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ፊቱን ግን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ይቺ ልጅ ለይቶላታል ትላላችሁ።

ጉርድ ሾላ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ካርድ፣ ባነር... ከሁሉም የምኮራበት ግን የተበላሹ የድሮ ፎቶዎችን ማደሱ ነው። በፊት ሁለት ቀን ያስጎነብሰኝ የነበረውን ሥራ አሁን ኤአይ በደቂቃ ይጨርሰዋል። ፕሮግራሙ ስፍር ቁጥር የሌለው የሰው ፊት አይቶ የተማረ ነው። ፎቶው ላይ የጠፋ ነገር ሲያጋጥመው እዚህ ጋ ምን ሊኖር ይችላል ብሎ ይገምትና ይሞላዋል። ግምት መሆኑን ለደንበኛ አልናገርም። ምን አስለፈለፈኝ?

እትዬ ዘሀራ የመጡት ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። የወሎ ሴት ናቸው፣ አያት ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን ይኖራሉ። ከቦርሳቸው ብዙ ጊዜ ታጥፎ የተዘረጋ ፎቶ አወጡ። ልጃቸው ጀማል ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በጅቡቲ አድርጎ ዐረብ አገር እሻገራለሁ ብሎ ወጣ... ይኸው አሥራ አራት ዓመት፣ ድምፁም የለ፣ መርዶም የለ። ያላቸው ፎቶ እሱ ብቻ ነው። አጽድቼ፣ ዕድሜ ጨምሬ፣ አሁን የሚመስለውን እንድሠራላቸው ለመኑኝ። «አፋልጉኝ» ብለው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ሊያስለጥፉት ነው።

ሠራሁት። እንዴት እንዳማረ! የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ከስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ያየኛል። ግራ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ አለው። እትዬ ዘሀራ ጠባሳውን በጣታቸው ነካ አድርገው ምን አግኝቶት ይሆን ብለው አለቀሱ። ለካ ኮምፒውተሩ ልጃቸውን አሁን ካለበት አይቶ የሚያሳያቸው መስሏቸው ኖሯል። እኔ ደግሞ ጠባሳው ድሮም የነበረ መስሎኝ አትሜ ሰጠኋቸው።

ከሄዱ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የድሮውን ፎቶ ስካን አጉልቼ ያየሁት። ጠባሳ አይደለም። ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር ቅንድቡ ላይ አልፏል፤ ፕሮግራሙ ቁስል ነው ብሎ ገምቶ ነው። ልደውልላቸው ስልኬን አነሳሁ... ተውኩት። ማስታወቂያው ወጥቶ ሰው እየተቀባበለው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት እሳቸው ደወሉልኝ። ጀማል ተገኝቷል! ማስታወቂያውን ራሱ አይቶ ደውሎ ነገ እመጣለሁ ብሏቸዋል። በጠባሳዬ ነው ራሴን ያወቅኩት ብሎ ነግሯቸዋል። እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ግን ያንን ስካን እንደገና ከፍቼ አየሁት፤ የወረቀት መስመር ነው።

እና ያ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ቀን መጣ፤ ሰውዬው ሱቃችን ገባ። ትሁት ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። አራት ጉርድ ፎቶ ፈለገ፤ መታወቂያ ሊያወጣበት ነው፣ እናቱም የኮንዶሚኒየሙን ውክልና ሊሰጡት ነው። ካሜራውን አስተካክዬ ሳጎላው ጠባሳው ገና ቀይ ነበር። የስፌቱ ነጠብጣብ እንኳ አልጠፋም።

«ቅንድብህን ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«የልጅነት ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ፎቶው ላይ አላየሽውም?»

ከዚያ የድሮው ፎቶ ኮምፒውተሬ ላይ እንዳለ ጠየቀኝ። አለ አልኩ፣ ሳላስብ። እናቴ እሱን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፣ አጥፊልኝ አለና ዞሮ ከኋላዬ ቆመ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። አጠፋሁት። «ከቆሻሻ መጣያውም» አለኝ። ከዚያም አጠፋሁት። ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ለመታወቂያው ወረዳ መሄዱን አረጋግጬ አያት ሄድኩ። ለእትዬ ዘሀራ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ግምቱን፣ የወረቀቱን መስመር፣ ትኩሱን ቁስል። የታጠፈው ፎቶስ አልኳቸው። ፍሬም ላሠራለት ብሎ ወስዶታል አሉኝ። እሳቸው ግን አልደነገጡም።

«አብሽሪ ልጄ። ልጄ እንዳልሆነማ በሩን ስከፍትለት ነው ያወቅኩት» አሉኝ። «ጀማልን ብቻችንን ስንሆን የምጠራበት ስም አለ። ማስታወቂያው ላይ አላስጻፍኩትም። ይሄ ሰውዬ ገና ሲገባ እንደ ድሮው ጥሪኝ ብሎ ያንን ስም ነገረኝ። ከልጄ አፍ ካልሆነ ከየት ይሰማዋል?»

ለፖሊስ እንንገር አልኳቸው። እምቢ አሉ። ፖሊስ ካየ ይጠፋል፣ አብሬው ከበላሁ ግን አንድ ቀን ከአፉ ያመልጠዋል አሉ።

«ጀማልን የት እንደተወው እስኪነግረኝ ድረስ ልጄ ነው።»

ቤታቸውን ሊያጡ ነው... ስለ ቤቱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ለፖሊስ ሳልናገር ተመለስኩ።

ትናንት እትዬ ዘሀራ ሱቅ መጡ። ከስተዋል። ሰውዬው ውክልናውን በያዘ በሳምንቱ ወጥቶ ቀርቷል። ቤቱ ተሸጧል፣ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ ተብለዋል። ስለ ጀማል ግን ምንም አልነገራቸውም። ከቦርሳቸው እኔ ካነሳሁት የሰውዬው ጉርድ ፎቶ አንዷን አወጡና «አፋልጉኝ በይበት» አሉኝ።

ሌባ ነው ብዬ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የሆነውን ሁሉ ጻፊው። ቤቱን አፉ ብዬዋለሁ፣ ይብላው። አልከስም በይው። ልጄን የት እንዳየው ብቻ ደውሎ ይንገረኝ።»

ይኸው ጻፍኩ። ፎቶው ከታች አለ። እኔ አንድም ነገር አልነካሁበትም... ጠባሳውም የራሱ ነው።