ሁለተኛው ፍላሽ
ወልድያ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰሞን አንድ ሶፍትዌር ከኮዱ ልገነባ ስል ኮምፒውተሬ «የፓይተን ማበልጸጊያ ፋይሎች አልተገኙም» ብሎ እንቢ አለኝ። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ራሱማ ነበረኝ፤ የጎደሉት እነዚያ ፋይሎች ብቻ ናቸው። መርሳ ያለው ጓደኛዬ የየስሪቱን ፋይል አስቀድሞ አውርዶ ስለነበር፣ በፍላሽ ገልብጦ በሚኒባስ ሹፌር ላከልኝ። ስሪቱ ግን ከእኔው ፓይተን ጋር አልገጠመም። የስሪቱን ቁጥር ያልነገርኩት እኔ ሆኜ ሳለ ደውዬ፣ «አንድ ነገር እንኳ በትክክል አትሠራም!» ብዬ ጮኽኩበት።

«እሺ፣ አትቆጣ፤ አሁኑኑ ሌላ ይዤ እወጣለሁ» አለኝ።

ፍላሹን ለሹፌሩ ሰጥቶ ከመናኸሪያ ሲመለስ ተኩስ ተከፈተ፤ ማን እንደተኮሰው ባልታወቀ ጥይት ሞተ።

ከቀብሩ ስመለስ ፍላሹን ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ፈላልጎ «ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ።

ያ ሶፍትዌር ለምን እንዳስፈለገኝ ዛሬ አላስታውስም።