ድንች መቆፈር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ጫልቱ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። «እማማ ዘነበች፣ ጄረንድ ፍሬዝ የሚባለው ሰዋስው አልገባኝም። እርስዎ አስተማሪ ነበሩ አሉኝ።» ባለቤቴ ቶሎሳ ካረፈ ወዲህ ደብተር ገልጬ ስለማላውቅ፣ ነገ ነይ ብዬ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ግን ያ ትምህርት ለእኔ የገባኝ ቀን ትዝ አለኝ።

ከወላጆቼ ቤት ከጎበሳ መጥቼ እዚሁ አሰላ አክስቴ ቤት ሆኜ ስማር ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ አሥር ዐረፍተ ነገር ጻፉልን፤ እኔም እንደ ዳዊት ሸመደድኳቸው። ፈተናው ሲመጣ አንዱም የለበትም። ከአሥር ሁለት አገኘሁ። አባቴ ደግሞ የዓመቱን ፈተና ከወደቅሽ ተመልሰሽ ትዳር ትይዣለሽ ብሎ ቆርጦ ነግሮኛል።

ወረቀቴን አጥፌ ስደብቅ ከኋላዬ የሚቀመጠው ቶሎሳ አየኝ።

«ዳዊት ደጋሚዋ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ምን አገባህ?»

«ጫማሽ እኮ ጭቃ ብቻ ነው።»

«ድንች ስቆፍር ነበር፤ አክስቴ ጓሮ።»

«በይ፣ ድንች መቆፈር ከባድ ሥራ ነው በይኝ። በእንግሊዝኛ። መቆፈሩ ከነድንቹ አንድ ላይ የሥራው ስም ነው፤ አትነጣጥያቸው።»

«ዲጊንግ ፖቴቶስ ኢዝ ሃርድ ወርክ» አልኩ እየፈራሁ።

«ይኸው። ይሄን ማን ጻፈልሽ?»

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገዱ ሁሉ ልምምድ ሆነ። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ጋሪ መንዳትን፣ ውሃ መቅዳትን፣ ጭቃ ላይ መራመድን፣ ያየነውንና የሠራነውን ሁሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገባነው። ስሳሳት ያርመኛል፤ ሲሳሳት እስቅበታለሁ። ፈተናውን አለፍኩ። ኋላ መምህርት ሆንኩ፤ አራሚዬንም አገባሁ።

በማግስቱ ጫልቱ ስትመጣ እንደ ቶሎሳ ልጀምር ብዬ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አልኳት።

«ልብስ ሳጥብ። እርስዎስ?»

ወደ ጓሮው ዞር አልኩ። እሱ ከተቀበረ ወዲህ ደጃፍ ላይ ከመቀመጥ በቀር የሠራሁት የለም። የተከለው ድንች እንኳ ቅጠሉ ደርቆ ጓሮ ቆሟል።

ቦቲዬን ተጫማሁ፤ ዶማውን አነሳሁ። «ደብተርሽን አስቀምጪና ቅርጫት አምጪ» አልኳት። ያደረው ዝናብ አፈሩን አለስልሶታል። ሦስተኛው ሥር ላይ ስንደርስ ልጅቷ ቀና ብላ፣ ሳልጠይቃት፣ ዐረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ አለችው። ድንች መቆፈር ከባድ ሥራ ነው አላለችም፤ ደስ ይላል ነው ያለችው።

የማርመው አላገኘሁም። ቀሪውን መደብ ለነገ አቆየነው።