ቀኑን ሙሉ የሚሠራ መስመር

ስልኩ ሲጠራ የምሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የአንዱን ማሽን ብሬከር፣ ኮረንቲ ሲበዛ የሚያቋርጠውን፣ ፈትቼ በእጄ ይዤ ነበር። የነቢያት ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ አፌ ደርቋል። ቁጥሩን አላውቀውም። ከትውልድ ከተማዬ ከመርሳ የሰው ድምፅ ከሰማሁ ወራት አልፈዋል። ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ ደሴ ሲወርድ ስልኩም ኮረንቲውም አብረው ጠፍተው ነበር። እኔ ደግሞ ለሥራ አገር አቋርጬ ደቡብ ጫፍ ያለች ከተማ ነው የምኖረው።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉኝ። የአባቴ ጎረቤት ናቸው፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ከአጥር ማዶ ሆነው ያሳደጉኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ አባትሽ ደኅና ናቸው። እጃቸውን ትንሽ እሳት ነክቷቸዋል እንጂ ደኅና ናቸው። ወፍጮው ግን ተቃጥሏል።»

«መድፍ ነው?»

ስለ ዘመድ አዝማድ ማውራት ጀመሩ። እሳቸው ደግሞ ነገር ማዞር የሚያውቁ ሴት አይደሉም።

«ኮረንቲ ነው አሉ» አሉኝ በመጨረሻ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ አባቴ በሕይወት መኖራቸውን ሰምቼ ገና ሳላመሰግን፣ መጀመሪያ ያሰብኩት መስመሩን ነው። የወፍጮውን የኮረንቲ መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

ወልድያ ላይ የኤሌክትሪክ ቴክኒክ ትምህርቴን የጨረስኩ ሰሞን ነው። የአባቴ ወፍጮ ጠዋት ደኅና ይፈጫል። ረፋዱ ላይ፣ ሰልፉ ሲረዝም፣ ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርዳል። ይጠብቃሉ፣ ያነሡታል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሴቶቹ «ወፍጮዎ ቁርስ ሊበላ ሄደ እንዴ?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። አንድ የገበያ ጠጋኝ «ባለ ሠላሳ ሁለት አምፔሩን ብሬከር አውጥተው ባለ ስድሳ ሦስት ያስገቡበትና ይገላገሉ» ብሏቸው ኖሮ፣ አዲሱን ብሬከር በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ።

«አባባ፣ ይኼ አይገባም» አልኳቸው። «ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ቀጭን ነው። ይኼን ካስገቡ፣ ሽቦው ሲነድድ ቁጭ ብሎ ያያል።»

«ጠዋት የቻለውን ረፋዱ ላይ ምን ነካው? ሽቦ ደግሞ ይደክመዋል?»

«ይደክመዋል። ለአንድ ሰዓት የቻለውን ቀኑን ሙሉ አይችልም።»

«እንደኔ ወገብ ነው በይኛ።»

ሂሳቡን በዱቄት በነጣው ጠረጴዛ ላይ በጣቴ ጻፍኩላቸው። ሞተሩ ሠላሳ አምፔር ይስባል። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳያርፍ ለሚሠራ ነገር ግን ሩቡን ይጨምሩበታል፤ ሠላሳ ሰባት ተኩል ይመጣል። ከዚያ ቀጥሎ የሚገኘው ባለ አርባው ብሬከር ነው። ሽቦው ደግሞ አርባውን ተሸክሞ የማይግል መሆን አለበት። የሽቦ ውፍረት ሰንጠረዡ ባለ አሥር ሚሊ ሽቦ ይበቃል ይላል። ሰንጠረዡ ግን የመርሳ ቆርቆሮ ጣሪያ በግንቦት እንዴት እንደሚግል አያውቅም፤ የእኛ ገመድ የሚያልፈው እሱ ሥር ነው። ስለዚህ ባለ አሥራ ስድስት ዘረጋሁ፤ ብሬከሩንም ባለ አርባ አደረግሁት።

የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ ፈጨ፤ ብሬከሩ አንዴም አልወረደም። አባቴ ገመዱን በእጃቸው ጀርባ፣ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካ ሰው፣ ዳሰስ አደረጉት።

«ትኩሳት የላትም» አሉ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀለም አምጥቼ በብሬከሩ ሳጥን በር ላይ በትልልቁ «ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ አትፍሩ» ብዬ ጻፍኩበት። አባቴ ለመጣ ሰው ሁሉ ያስነብቡት ነበር። «ልጄ ናት የጻፈችው» ይላሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

መንገዱ ሲከፈት ለጥምቀት ወደ መርሳ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። አባቴ ቀኝ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ደጅ ተቀምጠዋል። በግራቸው አቀፉኝና «ከስተሻል፤ እዚያ አገር ወፍጮ የለም?» አሉኝ።

የሆነውን የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። ኮረንቲ ከጠፋ በኋላ ሰው እህል እያለው ማስፈጫ አጥቶ ንፍሮ ብቻ እየበላ ከረመ። በኋላ ወደ ውርጌሳ ከተማ በኩል ከተተወ አንድ የሕንፃ ሥራ ቦታ ጄኔሬተር ተገኘ፤ በጋሪ አመጡት። ናፍጣውን እያንዳንዱ ካለው ላይ በጠርሙስ አዋጣ። ወሬው ጎረቤት ከተማዋ ግራና ድረስ ተሰማ፤ ሴቶች ማሽላቸውን ተሸክመው በእግራቸው መጡ። ጄኔሬተሩን ግቢ አቁመው፣ አብሮት በተገኘው ቀጭን ገመድ ከእኔ ሳጥን ጋር አገናኙት።

መፍጨት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የጄኔሬተሩ ብሬከር ወረደ። አነሡት፤ ወረደ። እንደገና አነሡት፤ ወረደ።

«ልጆች ያለቅሳሉ፣ ናፍጣው ያልቃል» አሉኝ ጎረቤታችን። «ያን ጊዜ አንድ ሰው ከሳጥንሽ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበልን። ‹የቤቱ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይሠራል ብላለች፤ ምን ያስፈራችኋል? ብልሽቱ ከዚህ ከሚወርደው ነው› አለና፣ የጄኔሬተሩን ብሬከር ዘሎ በሽቦ አገናኘው። ከዚያማ እንደ ድሮው ፈጨ! እልል አልን። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽሽም።»

ጭሱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ እጃቸው የተቃጠለው ሞተሩን ሊያድኑ ሲሉ አይደለም፤ የሰው ስልቻ ሲያወጡ ነው።

ገመዱን ከሞተሩ ጀምሬ በጣቴ ተከተልኩት። የእኔው ከላይ ጠቁሯል እንጂ ውስጡ ደኅና ነው። እሳቱ የተነሣው ከጄኔሬተሩ ቀጭን ገመድ ነው፤ ከዚያ በግድግዳው ወደ ቆርቆሮው ወጥቷል። እፎይ አልኩ። አፍታ ሳልቆይ የሳጥኑን በር አመድ ውስጥ ወድቆ አየሁት። ከጽሑፌ «አትፍሩ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። አንሥቼ አመዱን አራገፍኩለት።

ከየት እስከ የት እንደሚሠራ አልጻፍኩም ነበር። ስንት አምፔር እንደሚችል አልጻፍኩም። ሌላ ገመድ ከፊቱ ቢቀጠል ቃሌ ለዚያ እንደማይሠራ አልጻፍኩም። ሰውዬው ያመነው እኔን ነው።

«ማን ነው?» አልኳቸው አባቴን።

«እኔ ነኝ ያገናኘሁት።»

«አባባ፣ እርስዎ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ካቃተዎት ስንት ዓመትዎ?»

«በዚያን ቀን አየሁ» አሉ። ሳቄን አፈንኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አወቅሽው እንበል። ምን ልታደርጊው ነው?»

«ምንም። ይቅርታ ልጠይቀው።»

የእጃቸውን ጨርቅ ማስተካከል ያዙ። «ከዚያ ወዲህ በዚህ ደጅ አያልፍም» አሉ። «በሩቁ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ቀደም ሲል ሳይጠራኝ አይውልም ነበር።» ስሙን ግን አልነገሩኝም፤ ጎረቤታችንንም እንዳይነግሩኝ በአላህ ስም አስምለዋቸዋል።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ኃጢአት አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። እሱስ አይደለም። ግን አንድ ሰው በእኔ ጎዶሎ ጽሑፍ ምክንያት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በገዛ ከተማው ተሸማቆ ይሄዳል። ጸሎት ስቆም የሚታወሰኝ እሱ ነው፤ መልኩን ስለማላውቀው የመርሳን ሰው ሁሉ አስቤ እጸልያለሁ።

በዚያ ቀን በደጃችን የተሰለፋችሁ፣ ከመርሳም ከግራናም የመጣችሁ፦ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስሙን ለእኔ አትንገሩኝ፤ አባቴ አይወዱም። ለእሱ ግን ንገሩልኝ። ስህተቱ ከጻፍኩት ነው በሉት፤ አንተ ያነበብከውን ነው ያደረግከው በሉት። አባቴ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ደጅ ናቸው። እጃቸው ድኗል። እባካችሁ፣ አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱና፣ ቤት ድረስ አስገቡልኝ።