ታች የሌለው ውኃ

እኅቴ ገነቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ሆሳዕና ገበያ ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ገዢ ቅቤውን ደጋግሞ እያሸተተ ዋጋ ለማስቀነስ ሲሞክር «አፍንጫህን ቤት አስቀምጠህ ና» የምትለው ግን እሷ ብቻ ነበረች። ገዢውም ስቆ ይገዛ ነበር። እናታችን ቶሎ ስለሞተች እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሹፌር ሆኜ፣ ጢም አብቅዬ፣ ልጆች ወልጄ እንኳ ስትቆጣኝ አንገቴን እደፋለሁ። ለሌላ ሰው አንገቴን ደፍቼ አላውቅም፤ የትራፊክ ፖሊሶችን መጠየቅ ይቻላል።

ባሏን ማቴዎስን ውኃ ነው የወሰደው። ከጃጁራ ገበያ ሲመለስ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ወንዙ መሃል ደረሰበት። በእኛ አገር ውኃ ሰው ሲወስድ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ጎረምሳው ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይዞ ዳር ዳሩን ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ላሉት መንደሮችም መልክተኛ ይሮጣል። ታች ያሉት ሰዎች ውኃው ዳር ወጥተው ይጠብቃሉ። የማን ዘመድ ነው፣ ከየት ነው አይሉም። ውኃው ያመጣላቸውን ሰው አውጥተው፣ ሸፍነው፣ ባለቤቶቹ እስኪመጡ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ማቴዎስንም የማናውቃቸው ገበሬዎች አንድ ሾላ ሥር በራሳቸው ጋቢ ሸፍነው ነው የቆዩን። ገነቴ ጋቢውን አጥባ መለሰችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ ለእነዚያ ሰዎች ቅቤ ሳትልክ ቀርታ አታውቅም።

የቀራት አንድ ልጅ ነበር፤ ጠና ይባላል። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ጠናም ተለቀመ፤ ከሁሉ የገረመን ግን ባሕር ኃይል መመደቡ ነው። ዋና የማይችል፣ ወንዝ ሲሻገር የእናቱን ቀሚስ ይይዝ የነበረ ልጅ መርከበኛ ሆነ። በፈቃድ የመጣ ጊዜ ነጭ ልብስ ለብሶ ገበያውን ሁሉ ሲዞር፣ ሴቶቹ ቅቤያቸውን ትተው ያዩት ነበር። «እማዬ፣ አንድ ቀን በመርከብ አሳፍርሻለሁ» አላት። «እኔ በቅሎ ላይ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ የሚል ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይነቃነቃል።

በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት፣ ምጽዋ መያዟን ሰማን። ከጠና ምንም ወሬ የለም። መንግሥት መርዶ አይነግርም፤ ሰው የልጁን መሞት የሚሰማው ቆስሎ ከተመለሰ ጓደኛ ነው። በግንቦት ወንዳፈረው የሚባል የዱራሜ ልጅ አንድ ክንዱን አጥቶ መጣ። እቤቷ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ሳይነካ፣ መሬት መሬት እያየ ነገራት። መርከቧ ተመታች፣ ተቃጠለች፣ ጠና ከሌሎች ጋር ውኃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም።

ገነቴ አልጮኸችም። «ውኃ ውስጥ ገባ ነው ያልከው?» አለችው።

«አዎ እናቴ።»

«ወደ ታች እነማን አሉ?»

ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔ ምን እንደጠየቀች ገብቶኛል።

የእድር ሰዎች ድንኳን ይዘው ሲመጡ በር ላይ ቆማ መለሰቻቸው። ታች ካሉት ሰዎች ወሬ ሳይመጣ ለቅሶ የለም አለች። ጥቁር አልለበሰችም፤ ጠጉሯን አልተላጨችም። አንድ አስተማሪ ከምጽዋ ባሕር ማዶ ያለው የመን ነው ስላላት፣ ታች ያሉት የመኖች ናቸው ብላ ያዘች። ባለሱቁ ዳኘ ድሮ ከአረቦች ጋር ይነግድ ነበርና እሱ ዘንድ ሄዳ፣ «የመኖች ደጎች ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። ዳኘ ክርክር የሚወድ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን «በጣም ደጎች ናቸው» አላት። ምን ይበል?

ከዚያ በኋላ የምታደርገው ሁሉ መጠበቅ ሆነ። ገበያ ላይ ፀጉረ ልውጥ ሰው ካየች ከየት ነው የመጣኸው፣ ውኃ ያወጣው ልጅ ሰምተሃል ወይ ትላለች። ቅቤዋ ይበላሻል፤ እህል አትቀምስም፤ ማታ ማታ ጥጥ ትፈትላለች። ጎረቤቶቿ ይሸሿት ጀመር፤ እኅቴን የሚሸሽ ሰው ባገኝ መኪና ብነዳበት ደስ ይለኝ ነበር። የእድሩ ሴቶች ግን እኔ ዘንድ መጡ። «ወንድሟ ነህ፤ አልቅሳ ይውጣላት። እንዲህ ሆና ክረምቱን አትወጣውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር።

እኔ እህል ለመጫን አሰብ ድረስ ሄጃለሁ፤ ባሕር አይቻለሁ። ባሕር እንደ ወንዝ አይወርድም፣ ታች የለውም ብዬ ነገርኳት።

«ውኃ ሆኖ የማይሄድ አለ?» አለችኝ።

«የቦዮ ሐይቅስ?»

«ቦዮ ረግረግ ነው። ከብት ይውጥ ይሆናል እንጂ መርከብ አይሸከምም። አንተ ሽብሩ፣ መኪና ብቻ ንዳ።»

በነሐሴ ለአዋሳ ድንች ስጭን ሐሳቡ መጣልኝ። «እትዬ፣ ተነሺ፤ ጠና በመርከብ አሳፍርሻለሁ ብሎሽ አልነበር? እኔ ላሳፍርሽ» አልኳት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ትልቅ ጥቅል ይዛ ገና ሳይነጋ ኤንትሬ የጭነት መኪናዬ ጎን ቆማ ጠበቀችኝ። ጥቅሉን ልቀበላት ስል አልሰጥም ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

በአንጋጫና በዱራሜ አድርገን ወረድን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እኔ እሳደባለሁ። ብላቴ ድልድይ ላይ ስንደርስ አቁም አለችኝ። ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ይሄዳል። ወርዳ ብረቱን ይዛ አየችው። «ይኸው፤ ይሄዳል» አለችኝ፤ ክርክር እንደረታች ሁሉ አገጯን ቀና አድርጋ። እኔ ሞተሩን አስነሳሁ።

አዋሳ አድረን ጠዋት ሐይቁ ዳር ሄድን። በበዓል ቀን ሰው የሚጋፋበት ቦታ ጭር ብሎ፣ ወንበሮቹ ተደራርበው፣ ጀልባዎቹ ሣሩ ላይ ተገልብጠው ነበር። ጀልባ ነጂው ወልደየሱስ የሚባል ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብሎ መረብ ይጠግናል።

«በነሐሴ ማን ይዝናናል? ጨርሳችሁ ብትረጥቡ ምን ይጠቅማችኋል?» አለን።

«እኅቴ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም» አልኩት።

«በጥቅምት አትመጡም? ያኔ ሐይቁም ሰዉም ያምራል። አሁን ለሞተሩ ቤንዚን እንኳ የለም።»

«በመቅዘፊያም ቢሆን ውሰደን። በጥቅምት አንመጣም።»

ፊቴ ላይ አንድ ነገር አይቶ መሆን አለበት፤ ሁለተኛ ቃል ሳይናገር ጀልባውን ገለበጠ። እሱ ሲያዘጋጅ ገነቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ወሸቀችው፤ ደራሽ ልትሻገር እንደምትሰናዳ። ከዚያ በገበያ አማርኛዋ «እንጨት የታለ?» አለችው።

«የምን እንጨት?»

«ውኃውን የምንለካበት።»

ሰውዬው ሳቀ። እኔ አፍጥጬ አየሁትና ሳቁን ዋጠ። «እናቴ፣ ይሄን የሚለካ እንጨት አልተገኘም» ብሎ እጇን ይዞ አሳፈራት።

ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ነፋስም የለም። መሃል መሃሉን ስንይዝ ዳሩ እየቀጠነ ሄደ። ገነቴ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ፣ ጥቅሏን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ፣ ውኃውን ብቻ ታያለች። ትፈራለች ብዬ ነበር፤ አልፈራችም። ልጇም እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተቀምጦ እንደነበር እያሰበች ይመስለኛል፤ አንዴ እንጨቱን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው። ያኔ ወደ ወዲያ ዞርኩ።

«አቁም» አለችው። ወልደየሱስ መቅዘፉን ተወ።

የቆጮውን ጥቅል ፈትታ ከእንሰት ቅጠሉ ጫፍ ቀደደች። እኛ ዘንድ ወንዝ ሲሞላ ሰው ሳይገባ በፊት ቅጠል ይጥላል፤ ቅጠሉ ወዴት፣ በምን ፍጥነት እንደሄደ አይቶ ነው የሚሻገረው። እሷም ቅጠሉን ጎንበስ ብላ ውኃው ላይ አስቀመጠችው።

ቅጠሉ እዚያው ቆመ። ትንሽ ዞረ፤ ከዚያ ጀልባችንን ተጠግቶ ተቀመጠ። ሌላ ቀደደች፤ አሁን በሌላው ወገን ጣለች። እሱም ቆመ። ብዙ ጠበቅን። በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ትንሽ ርቆ እንደገና ቆመ።

«ሽብሩ፣ አይሄድም?»

«አይሄድም እትዬ።»

«ያኛውም እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው። ዳር የለውም እንጂ እንዲሁ ነው።»

እውነት ለመናገር አሰብ ላይ ባሕሩን ያየሁት ከወደቡ አጥር ውጭ ቆሜ ነው፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። ግን አየችኝና አመነችኝ። አይኗ ከኔ ላይ ወርዶ ቅጠሉ ላይ ተመለሰ።

«እንግዲያስ» አለች፣ «ልጄን የሚቀበለው ሰው የለም።»

እንደዚያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ድምፅ የለውም። ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ትከሻዋ ይነቃነቃል፤ ስትስቅ ይነቃነቅ እንደነበረው። ላቅፋት ብል ጀልባው ተንገዳገደ፤ ባለሁበት እያለቀስኩ ተቀመጥኩ። ወልደየሱስ ኮፍያውን አወለቀ። ዝናቡ ተመልሶ መጣ፤ እሱም ኮፍያውን እንደያዘ ራሱ እየረጠበ ቆየ።

ወደ ዳር ስንመለስ ሰውዬው በብርድ ጥርሱ ይጋጭ ጀመር። ገነቴ ቀና አለችና ጥቅሏን ፈታችው። ክረምቱን ሁሉ ስትፈትለው የነበረው ጥጥ ነው፤ ሸማኔ ዘንድ ሄዶ አዲስ፣ ወፍራም ጋቢ ሆኗል። የመኖች ጠናን በራሳቸው ጋቢ ሸፍነውት ከሆነ፣ የእነሱን መልሳ በራሷ ልትሸፍነው ነበር። ይህን የነገረኝ የለም፤ ጋቢውን ሳየው ራሴ አወቅኩት።

«አንተ፣ ልበስ» አለችው።

«እናቴ፣ አይሆንም፣ አዲስ እኮ ነው።»

«ልበስ። የሚለብሰው ሰው የለም።»

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ በራሴ ምልክት ሰጠሁት። ጋቢውን ለብሶ እስከ ዳር ቀዘፈ። ዳር ሲደርስ የድካሙን ልስጠው ስል እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

ስንመለስ ብላቴን አላየችም። እቤቷ ስንደርስ መኪናው ሳይቆም «ለእድሩ ንገር» አለችኝ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ጠጉሯን ተላጨች፤ ጥቁር ለበሰች። ሴቶቹ «ጎሽ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ። ከለቅሶው በኋላ እህል መቅመስ ጀመረች፤ ገበያም ተመለሰች። እንግዳ ሰው ሲያልፍ ግን ቀና ብላ አታይም። ገዢ ቅቤዋን ሲያሸት ዝም ትላለች። ያሰብኩት ሁሉ ሆነልኝ፤ እኔ ግን ያቺን ከየመንገደኛው ጋር የምትነዘንዘውን ገነቴን ናፈቅኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት መንግሥቱ ወደቀ፤ ሠራዊቱ ተበተነ። ልጆቹ ከሰሜን በእግራቸው፣ ከስተው፣ እግራቸው ቆስሎ ይመጡ ጀመር። እናቶች ወተትና ቆጮ ይዘው አስፋልቱ ዳር ተሰለፉ። ሀቢቾ በሚባል ሰፈር ለቅሶው ተቀምጦ፣ ተዝካሩ ብቻ የቀረው አንድ ልጅ በሕይወት ገባ ተባለ። ሰዎች እየሮጡ ገነቴ ዘንድ መጡ፤ ተነሺ፣ ውጪ፣ ማን ያውቃል አሏት። «እኔ ውኃውን አይቻለሁ» አለች፤ ቅቤዋን መናጥ ቀጠለች።

እኔ ግን ወጣሁ። መኪናዬን ከከተማው መግቢያ አቁሜ፣ ጭነት እየተውኩ፣ የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ፊቱን አያለሁ። ነጭ ልብስ የለበሰ የለም፤ ቢሆንም አያለሁ። ባሕር ኃይል የነበረ ካለ ብዬ እየጠራሁ እጠይቃለሁ። ሰኔም ሐምሌም እንዲሁ አለፈ፤ የሚመጣው ሰው እያነሰ፣ እናቶቹም አንድ በአንድ ወደየቤታቸው እየገቡ ሄዱ።

ማታ ማታ እሷ ዘንድ ስገባ ራት ታቀርብልኛለች። የት ዋልክ ብላኝ አታውቅም። በነሐሴ አንድ ማታ ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ፣ ልብሴ ረጥቦ ገባሁ። ጎንበስ ብላ የጫማዬን ማሰሪያ ልትፈታልኝ ጀመረች፤ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው። ቀና ሳትል «ሽብሩ» አለችኝ፤ «ቅጠሉ አልሄደም እኮ።»