ሦስት ጥርስና አንድ ሚስማር

ጓጉንቸሩን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም በሰፈራችን የሚዞረው ወሬ «ኤልማ ባሏን ከገዛ ሳውናው አባረረችው» የሚል ነው። እሷ መዶሻ እንኳ አልያዘችም። በዚያ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት በር ላይ ብረቱን የመታሁት፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ የሄድኩት እኔ ወንድሟ አርቪድ ነኝ።

ባሏ ሬይኖ ካንጋስ ይባላል። በአካባቢያችን በነበረው የመዳብ ማውጫ አናጢ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ማውጫው ሲዘጋ ግማሾቻችን ሥራ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ስንበተን እሱ ንቅንቅ አላለም፤ ጋራዡ ውስጥ እንጨት አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ተክሎ በርና መስኮት፣ የጀልባ መቅዘፊያና የሬሳ ሣጥን ሲሠራ ኖረ። ከአፉ ቃል ማውጣት ጥርስ ከመንቀል ይብሳል። በሠርጉ ቀን እንኳ ቄሱ ሁለት ጊዜ ጠይቀውት ነው «እሺ» ያለው፤ እኔ ሚዜው ስለነበርኩ በክርኔ ጎሸም አድርጌዋለሁ።

ስሙን ያስጠራው ግን በርና መስኮቱ አይደለም። መዳፍ የምታህል አንዲት ወጥ ነጭ እንጨት ወስዶ እንደ ሹካ ሦስት ጥርስ ያወጣላታል። መካከለኛውን ጥርስ አንድ ሚስማር በስቶት አልፏል። ሚስማሩ በጥርሶቹ መካከል ካለው ክፍተት ስለሚረዝም በጎን አይገባም። ዳርና ዳር ያሉት ጥርሶች ደግሞ ቀዳዳ የላቸው፣ ስንጥቅ የላቸው፣ ማጣበቂያ የላቸው። ታዲያ በየት ገባ? በደብራችን ለተጋባ ሁሉ አንዳንድ ይሰጥ ስለነበር እዚህ አካባቢ «ሚስማሯ» የምንላት ይህች እንጨት ያልተቀመጠችበት የማድ ቤት መስኮት የለም። ትልልቅ ሰዎች በሷ ተወራርደዋል። አንድ መሐንዲስ በማጉያ መነጽር ሲመረምራት ውሎ ራቱን ሳይበላ ሄዷል። እንዴት እንደሠራት ሲጠይቁት የሬይኖ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሚስማሩን ጠይቀው።»

እኔ ሳልጠይቅ አወቅኩ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ተራዬ ሳይደርስ ሳውናው ገብቼ ለመታጠቢያ ሙቅ ውሃ ልቀዳ ከእሳቱ አጠገብ ያለውን በርሜል ከፈትኩ። ሦስት እንጨቶች ከነሚስማራቸው ይንሳፈፋሉ። የአንዷ ዳር ጥርስ ገና እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው፤ የሌሎቹ ወተት እንደ ነካው ዳቦ አብጦ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዳር ያለውን ጥርስ በሞርሳ ቀስ አድርጎ ይጨፈልቀዋል፣ ከተጨፈለቀው ጥርስ በላይ ትራፓኖውን አሳልፎ መካከለኛውን ይበሳል፣ ሚስማሩን በዚያው ያስገባል፣ ከዚያ የፈላ ውሃ የተጨፈለቀውን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ይመልሰዋል። ክዳኑን መልሼ ደፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ እንደማውቅ ሳያውቅ እኔ ማወቄ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ሬይኖ መርሳት የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ ረሳ። በዚህ መከር አንድ ማክሰኞ ብቻውን ሳውናውን አነደደ፤ ምድጃውን እስከ አፉ እንጨት ጎሰጎሰበትና ካፖርቱን እንደለበሰ ገብቶ ተቀመጠ። የግድግዳው ጣውላ መጨስ ሲጀምር ኤልማ ደረሰች። ጎትታ ስታወጣው የጋለውን የበር እጀታ ይዛ ስለነበር የቀኝ መዳፏ ተላጠ። እህቴ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ከአንድ ጆንያ ድንች አይበልጥም። በእንቅልፍ ሰዓት ተነስቶ በረዶ ውስጥ እንዳይገባ የሱን የእጅ አንጓ ከሷ አንጓ ጋር በሲባጎ አስራ ነው የምትተኛው። በማግስቱ ጠርታኝ በሩን ቆልፍልኝ አለችኝ። ቆለፍኩላት።

በዚያው ሰሞን ከአረጋውያን መጦሪያ ቤት ደወሉ፤ በኅዳር ከሚውለው የምስጋና በዓል በኋላ አንድ አልጋ ይለቀቃል አሉ። ኤልማ አልደበቀችውም። ጠረጴዛ ላይ ሦስታችን ተቀምጠን እያለ በቀስታ ነገረችው። ሬይኖ እጆቹን አገላብጦ አየ።

«እዚያ የሚገባው እጁ የሞተበት ሰው ነው» አላት። «እኔ ሚስማሯን ከሠራሁ አልሄድም።»

«ከምስጋና በፊት ከሠራሃት አትሄድም» አለች ኤልማ።

«ማይ።»

ማለች። ምስክሩ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ጋራዡን ቤቱ አደረገው። ጊዜው የአጋዘን አደን ወራት ነው፤ ወንዱ ሁሉ ጫካ ገብቷል፣ እኔ ግን ጠመንጃዬን ሰቅዬ በየቀኑ እሱ ዘንድ እሄድ ነበር። እጁ እንዳልሞተ በዓይኔ አይቻለሁ። የኔን ስም የረሳ ሰው መጋዙን ሲይዝ አይሳሳትም። ጥርሶቹን ይቆርጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ሞርሳውን ሩብ ዙር አጥብቆ ይጠብቃል፣ ደግሞ ሩብ ዙር። ይበሳል። ሚስማሩን ይከታል። ከዚያ ዳር ጥርሷ የተጨፈለቀችውን እንጨት ይዞ በበረዶው መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ሳውናው ይሄዳል።

ጓጉንቸሩ ፊት ሲደርስ ይቆማል።

«ይሄን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቤቱን ልታቃጥል ነበር።»

«እኔ?» ይላል፣ ከልቡ ደንግጦ። ከዚያ በእጁ የያዛትን እንጨት ያይና «ምን ልወስድ ነበር የመጣሁት?» ይለኛል።

ይህ በየቀኑ ነበር። በሩ ተከፍቶ የእሳቱና የእርጥብ እንጨቱ ሽታ አፍንጫው ቢገባ እጁ ራሱ በርሜሉን ይከፍት ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሁለት ቃል ብናገር ይበቃል፤ «ሙቅ ውሃ»። አልተናገርኩም። አፌን ልከፍት ባልኩ ቁጥር የኤልማ ፋሻ ትዝ ይለኛል፣ ሲባጎው የበላው አንጓዋ ትዝ ይለኛል። ከተናገርኩ ይሠራታል፤ ከሠራት ይቀራል፤ ከቀረ እህቴን እቀብራለሁ። እንዲህ ብዬ አሰላሁት። አሁንም ስሌቱ ተሳስቷል አልልም፤ ግን ሌባ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ሞርሳው ላይ ተደግፎ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ቀን ስሜን ያውቀዋል።

«አርቪድ» አለኝ፣ «አንተ እንጨት ታውቃለህ። ምን ጎደላት?»

ሬይኖ በሕይወቱ ሰው ሲለምን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፊቱን ላለማየት ዞር አልኩና እንደ ቀልድ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሚስማሩን ጠይቀው» አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። እንጨቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዳት፣ ጎንበስ አለና ሚስማሩን «እንዴት ነው የገባኸው?» አለው። ጠበቀ። ጆሮውን አስጠግቶ እንደገና ጠየቀው። እኔ ወጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ቁልፉ ግን ከኪሴ አልወጣም።

በዓሉ ሲደርስ መደርደሪያው ላይ ሰባት እንጨቶች ነበሩ፤ ሰባቱም አንድ ጥርሳቸው የተጨፈለቀ። ቱርኩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እስኪጠግብ አልበላም። ሬይኖ ከምግቡ በኋላ ተነስቶ ካፖርቱን ራሱ አወረደ። «አልሠራኋትም» አላት ኤልማን። በማግስቱ ወሰድነው።

ቅዳሜ ሄጄ ጓጉንቸሩን ፈታሁ። ሳውናውን አነደድኩ፣ በርሜሉን ሞላሁ፣ ሲፈላ ሰባቱንም ጣልኳቸው። ገላዬን ታጥቤ ሳልጨርስ አበጡ። አንዲትም አልተሰነጠቀችም፤ ሰባቱም እንከን አልነበራቸውም፣ በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ ያማሩ ነበሩ። ሰውየው ሰባት ጊዜ ሠርቷት ነበር ማለት ነው። ራቁቴን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰኞ አንዷን ይዤለት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ምናልባት ይቅር ይለኛል ብዬ ይሆናል፣ ምን እንዳደረግኩት ሳያውቅ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንጨቷን ተቀብሎ አገላበጣት፣ አውራ ጣቱን በዳር ጥርሷ ላይ ደጋግሞ አሳለፈ።

«ማነው የሠራት?»

«አንተ ነህ።»

«መቼ?»

ልዋሽ እችል ነበር። ብዙ ዋሽቼ ስለነበር ደከመኝ። «ከምስጋና በፊት» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፊት ከሠርጉ ቀን ወዲህ አላየሁትም። ተነሳ፣ የሹራቡን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፣ አንዱንም አልሳተም። «በል ኤልማን ጥራት» አለኝ። «ምላለች። ቃሏን ታከብራለች።» ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ካፖርቱን ሲያወጣ ልጠራት ነው ብዬ ወጣሁና መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ኤልማ የገበታውን ጨርቅ እያጠፈች አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ በርሜሉን፣ ሃያ ሁለቱን ዓመት፣ ሰባቱን እንጨት፣ ካፖርቱን። «ዕድሜ ልኬን አልምርህም» እንድትለኝ፣ እንድትሰድበኝ እየጠበቅኩ ነበር። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በተላጠው እጇ አለሰለሰችው።

«አርባ ስድስት ዓመት ያን በርሜል ስሞላ የኖርኩት እኔ አይደለሁም?» አለችኝ። «ቆልፍልኝ ስልህም ሆነ ስምልለት ሚስማሯ ያለዚያ ውሃ እንደማታልቅ የማላውቅ መሰለህ?»

እሑድ አብረን ሄድን። ነርሷ ካፖርቱን ከሰኞ ጀምሮ አላወልቅም ብሎ አስቸገረን አለች። ካፖርቱን ለብሶ፣ እንጨቷን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።