ለአቶ ማዕረግ የተያዘው ወንበር

ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ሚሊየነር ጓደኛ የነበረው ሊካሳ ብቻ ነው። የቀረነው እርስ በርሳችን ተቻችለን እንኖር ነበር።

ሊካሳ ሾፌር ነው። አቶ ማዕረግ የሚባሉ አስመጪ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ግን መሪ መጨበጥ ብቻ አልነበረም። አቶ ማዕረግ ለቅሶ አይደርሱም፤ ልባቸው አይችልም። ስለዚህ ዘመድ ወይም ደንበኛ በሞተባቸው ቁጥር ሊካሳን አሮጌ ጥቁር ካፖርታቸውን አልብሰው "እኔን ሆነህ ተቀመጥልኝ" ብለው ይልኩታል። እሱም ሄዶ ከፊት ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ "አቶ ማዕረግ ናቸው የላኩኝ" ይላል። እንዲህ እያለ የስንቱን የማያውቀውን ሰው ለቅሶ እንደደረሰ እግዜር ይወቀው።

በ2005 ዓ.ም. አቶ ማዕረግ አንድ ፈረንሳዊ ዳይሬክተር ወደዱ። የሰውዬው ፊልሞች ኮሜዲ ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ አንድ ሀብታምና አንድ ድሃ ይገናኛሉ፣ ይነታረካሉ፣ መጨረሻ ላይ ወንድማማች ይሆናሉ። ፊልሞቹን መስቀል ፍላወር ካለ ፊልም ቤት የሚያመጣላቸው ሊካሳ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን አስገብተው ጎናቸው አስቀመጡት፤ ፈረንሳይኛውን እየተረጎሙለት አብረው ሳቁ። ሲያልቅ አቶ ማዕረግ አለቀሱ። ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛሞች ነን፣ አንተ በለኝ አሉት።

ሊካሳ ሳሎን ውስጥ "አንተ" ይላል፤ መኪናው ጋ ሲደርሱ ምላሱ በራሷ ጊዜ ወደ "እርስዎ" ትመለሳለች። እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን "ማዕረግ እኮ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰፈሩ ሳቀበት። አልዋሽም፣ ከሁሉ አብዝቼ የሳቅኩበት እኔ ነኝ፤ ቄራ ሥጋ ልንበላ ስንሄድ መጀመሪያ ጓደኛህን አስፈቅድ እለው ነበር። ታያለህ ይለኛል።

የምናይበት ቀን መጣ። እናቱ እማማ ቡዜ አረፉ። እድራችን ድንኳን ተከለ፤ ሊካሳም ያችኑ ካፖርት ለብሶ ከፊት አንድ ወንበር ያዘ። የእድሩ ዳኛ አቶ በለጠ ለማን ነው ቢሉት፣ ለጓደኛዬ አለ። ቀብሩ አለፈ፤ ሁለተኛውም ቀን አለፈ። ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው ወንበሩ ባዶውን ዋለ። የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ሊካሳ ወደ በሩ ይዞራል። አቶ ማዕረግ ከቀሩ ዓመት ሙሉ ያወራው ሁሉ በጎረቤት ፊት ውሸት ሊሆንበት ነው። እኔ ራሴ፣ ስስቅበት የኖርኩት ሰው፣ ምናለ ቢመጡለት ብዬ ተመኘሁ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። አጠገቡ ስለነበርኩ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

"ሊካሳዬ፣ እግዜር ያጥናህ። ለቅሶ እንደማልችል ታውቃለህ። ማለቴ፣ ጓደኛዬ ስለሆንክ አንተ ትረዳኛለህ። በቃ፣ እንደ ሁልጊዜው እኔን ሆነህ ተቀመጥልኝ።"

"እሺ፣ ጌታዬ" አለ ሊካሳ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የአቶ ማዕረግ እንባ ግን ሳሎን ውስጥ አልቆ ይሆናል። ለነገሩ በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ እድር ያለው ሰው የለም፤ ማንም ማንንም ሳይቀብር ያልቃሉ።

አቶ በለጠ መጥተው እንግዳህ ቀሩ እንዴ አሉት። ሊካሳ ከሀዘንተኞቹ ፍራሽ ላይ ተነሣ፤ የካፖርቱን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈና ሄዶ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"አልቀሩም" አለ። "አቶ ማዕረግ ናቸው የላኩኝ።"

ማንም አልሳቀም። የሀዘንተኛው ቦታ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ሄጄ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩለት፤ እስኪመሽ ድረስ ለቀስተኛው ሁሉ እግዜር ያጥናህ ሲል የነበረው እኔን ነው።