የሻገተው ማሽላ ቀብር

የምሠራው ሸሕዲ፣ ጤና ጣቢያ ነው። አባቴ ከከተማው ወጣ ብለው ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ማሽላቸውን የሚያስቀምጡት ጭድ በተነጠፈበት ጉድጓድ ነው። ባለፈው ክረምት ጉድጓዱ ውኃ ገባበትና እህሉ ሻገተ፤ አንዱ ጥግ አረንጓዴ፣ ሌላው ጥቁር ሆነ።

«አይበላም» አልኳቸው። «የሻጋታው መርዝ ቢታጠብም ቢበስልም አይለቅም። ጉበት ይጎዳል።»

«የኔ ሆድ እኮ ካንቺ በፊት ነው የተመረቀ!» ብለው ሳቁብኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የሳቸው ሆድ ብቻ አልነበረም። ሥራ ስውል የስምንት ወር ልጄን የምተዋት እሳቸው ቤት ነው፤ ገንፎዋም የሚገነፋው ከዚያው ጉድጓድ ከሚወጣ እህል ነው። ስለዚህ ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ። የገዛ አባቴን ከሰስኩ ማለት ነው።

ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ መጣ፤ አሸተተ፣ አስነጠሰው፣ «ይቀበር» ብሎ ወሰነ። የአረም ወቅት ስለነበር ቆፋሪ ጠፋ። አባቴ «ጉድጓድማ አለ» አሉ። ማሽላው ከነበረበት ንቅንቅ ሳይል አፈር ተመለሰበትና ሰብሳቢው በእግሩ ደለደለው። አባቴ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። ቃለ ጉባኤው «በጥልቅ ጉድጓድ ተቀብሯል» ይላል፤ አንድም ውሸት የለበትም። እኔም ፈርሜበታለሁ። አባቴን ሰው ፊት ማሳፈር ከብዶኝ ነው፤ ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ልጄ አባቴ ጭን ላይ ተቀምጣ ገንፎ ትበላለች። የሻጋታው ሽታ ገና በር ላይ ተቀበለኝ። ሳህኑን ነጠቅኩ።

«ምን ነካሽ? ከተቀበረው ደህና ደህናውን መርጬ እኮ ነው!» አሉና ሳህኑን መልሰው ተቀበሉኝ። እንዳይባክን ብለው የተረፈውን እዚያው ፊቴ ጠርገው በሉት።

ልጄን አዝዬ ቀበሌ ሮጥኩ። ሰብሳቢው ፋይሉን አውጥቶ ፊርማዬን አሳየኝ።

«ማሽላው ተቀብሯል። የተቀበረ እህል ይቀበር ብዬ ብወስን ማን ጤነኛ ይለኛል? ይውጣ ካልሽ ደግሞ ሌላ ኮሚቴ መቋቋም አለበት። ሰዉ አረም ላይ ነው።»

ከጎረቤት ባለትራክተር አንድ ጀሪካን ናፍጣ ለምኜ ተመለስኩ። ጉድጓዱን ከፍቼ፣ ዳግም እንዳይበላ ናፍጣውን ጥግ ጥጉን አዳረስኩት። አባቴ ሊከለክሉኝ መጡና ጀርባዬ ላይ የተኛችውን ልጅ አይተው ቆሙ። ዓመት ሙሉ የደከሙበት እህል ናፍጣ ሲጠጣ አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።